ግራጫዋ ነጥብ

ሥራህ ምንድን ነው ስባል መልስ ይቸግረኛል። «ኮምፒውተር ትጠግናለህ?» ይሉኛል። አልጠግንም። የእኔ ሥራ ሰውና ማሽን እንዳይጣሉ መሐል ገብቶ ማስታረቅ ነው። ቁልፉ የት ይቀመጥ፣ የትኛው ጥያቄ ይቅደም፣ ዓይን ምኑን ቀድሞ ይይ፣ ጣት የት ይረፍ፤ ይህን ስወስን እውላለሁ። አባቴ እስኪሞት ድረስ ይህን ሥራ ብሎ አልተቀበለውም። «የኔ ልጅ እኮ ለቁልፍ ቦታ ይመርጣል» እያለ በጎረቤት ፊት ያሾፍብኝ ነበር።

ያደግሁት ሱዳን፣ ገዳሪፍ ነው። ወላጆቼ በጦርነቱ ዘመን ከጎንደር ወጥተው፣ ገላባትን በእግር ተሻግረው እዚያው ቀሩ። መጀመሪያ የነካሁት ኮምፒውተር ዓረብኛ ስለነበር «ቀጣይ» የሚለው ቁልፍ በስተግራ ነበር። ቤት ስገባ ደግሞ አባቴ ዳዊቱን ከግራ ወደ ቀኝ ያነባል። ሌላው ልጅ «ቀጣይ» የት እንደሆነ ጠይቆ አያውቅም፤ እኔ ግን በየቀኑ እጠይቅ ነበር። ወደዚህ ሙያ የገባሁት በዚያች ጥያቄ ይመስለኛል።

በሥራዬ አንድ እምነት ነበረኝ። አንድን ነገር ለመፈጸም ሦስት ጊዜ መንካት ካስፈለገ ሁለት አድርገው፤ ሁለት ከሆነ አንድ አድርገው። «እርግጠኛ ነህ?» ብሎ የሚጠይቅ ፕሮግራም ሳይ ደሜ ይፈላ ነበር። እርግጠኛ ባልሆን መች እነካው ነበር! ከማንኛውም ስክሪን ላይ መጀመሪያ የምሰርዘው ያንን ጥያቄ ነበር፤ በሰረዝኩ ቁጥርም ለዓለም አንድ ውለታ የዋልኩ ይመስለኝ ነበር።

ያኔ ካላዛር የያዛቸው የእርሻ ሠራተኞች በሚታከሙበት አንድ ትንሽ ክሊኒክ ውስጥ ሥራ አገኘሁ። በሰሊጥ አጨዳ ጊዜ ከአርማጭሆ፣ ከቋራ፣ ከመተማ የሚሻገረው ሰው ብዙ ነው። የሚታመመውም ከእሱ ውስጥ ነው። ዘመድ «ወንድሜ ምን ሆነ? ባሌ ተሻለው?» ለማለት ብቻ ከዶካና ከባሱንዳ እየተነሳ ሥራውን ፈትቶ ይመላለሳል። እኔም ያንን ምልልስ የሚያስቀር ነገር ሠራሁ። ነርሷ የታማሚውን ስም ትከፍታለች፤ ከስሙ ሥር ዝርዝር አለ፦ «ገባ»፣ «መድኃኒት ጀመረ»፣ «እየተሻለው ነው»፣ «ወጣ»። አንዱን ስትነካ፣ ሌላ ምንም ሳትጠየቅ፣ ለዘመዱ ስልክ መልእክት ይሄዳል። አንድ ንክኪ ብቻ። የዚያን ጊዜ ስልኮች ፊደላችንን ስለማያሳዩ መልእክቱ በዓረብኛ ነበር፦ «የታካሚዎ ሁኔታ፦» ይልና የተነካውን ቃል ያስገባል፤ «ለበለጠ መረጃ ክሊኒኩን ያነጋግሩ። እናመሰግናለን።» ብሎ ይዘጋል።

ከእያንዳንዱ መልእክት ጎን አንዲት ነጥብ አስቀምጬ ነበር። መልእክቱ ወጥቶ ስልኩ ጋ ካልደረሰ ነጥቧ ግራጫ ናት፤ ሲደርስ አረንጓዴ ትሆናለች። በዚያች ነጥብ እኮራ ነበር። ሰው ሲመጣ መጀመሪያ የማሳየው እሷን ነበር።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ ኃላፊው መጥቶ የሞቱ ሰዎች ፋይል ሳይዘጋ እየቀረ ተቸግረናል፣ አንድ መስመር ጨምርልን አለኝ። ከ«ወጣ» ሥር «ሞተ» የሚል ጨመርኩ። የቀረበልኝ ሻይ ሳይቀዘቅዝ ጨረስኩት። ጎበዝ ተባልኩ።

አንድ ቀን ባሱንዳ ገበያ ውስጥ ሻይ የምትሸጥ ሴት ወንድሟን ይዛ መጣች። ዕድሜዋ አርባ ገደማ ነው። እሱ ሃያ አምስትም አይሞላው፤ ከስቶ አጥንቱ ወጥቷል፣ ሆዱ ብቻ አብጧል። እናታቸው በልጅነቱ ስለሞተች ከአርማጭሆ በጀርባዋ አዝላው የተሻገረችው እሷ ናት። ከእሱ ሌላ ማንም የላትም። ስልክ ቁጥሯን የመዘገብኩት እኔ ራሴ ነኝ፤ ሰው ፕሮግራሜን እንዴት እንደሚቀበለው ማየት እወድ ነበርና።

«ይኼ ነገር ይነግረኛል ነው የምትለኝ?» አለችኝ።

«አዎ እትዬ። ሁሉንም ይነግርዎታል።»

«ማንበብ አልችልም እኮ።»

«የሚያነብልዎ ሰው የለም?»

«ስልኬን ሻሐን የሚያደርጉልኝ ሐጂ አሉ፣ ባለሱቁ። መብራት ያላቸው እሳቸው ናቸው። የመጣውን ሁሉ ያነቡልኛል።»

«እንግዲያው አለቀ! ከእንግዲህ እዚህ ድረስ መመላለስ የለም። እርስዎ ሰው አይልኩም፣ እኛም ሰው አንልክም። ምንም ነገር ቢኖር ስልኩ ይናገራል።»

«ሰው አትልኩም፤ ስልኩ ይናገራል» ብላ ደገመችው፣ እንደ ትምህርት።

ወንድሟ አልጋው ላይ ሆኖ ሲሰማን ቆይቶ፣ «ለሷ ስትልክ ስኳር ጨምርበት» አለኝ። «ያለ ስኳር ምንም ነገር አይወርድላትም።» ሦስታችንም ሳቅን።

በሦስተኛው ሳምንት፣ አንድ ረፋድ ላይ፣ አታሚው እንቢ አለን ተብዬ ክሊኒኩ ሄድኩ። ጠረጴዛው ሥር ገብቼ ገመድ ስፈትሽ ነርሷ ከበላዬ ተቀምጣ ትሠራለች። እዚያው ገዳሪፍ ከኢትዮጵያውያን የተወለደች ልጅ ናት፤ ሌሊቱን ሙሉ ተረኛ ስለነበረች ዓይኖቿ ቀልተዋል። «አላህ ይርሐሙ» አለች ቀስ ብላ። «ኸላስ፣ ፋይሉን ልዝጋው።» ቀጥሎ መልእክት የምትልከው ሞደም ጢጥ ስትል ሰማሁ።

ከጠረጴዛው ሥር ሳልወጣ «ምን ላክሽ?» አልኳት።

«እኔ? ምንም። ሊነጋጋ ሲል ያረፈ ልጅ ነበር፣ ፋይሉን ነው የዘጋሁት።»

ብድግ ስል ጭንቅላቴ ከጠረጴዛው ጋር ተጋጨ። ስክሪኑ ላይ የሻይ ሻጯ ወንድም ስም አለ። ከሥሩ መልእክቱ፦ «የታካሚዎ ሁኔታ፦ ሞተ። ለበለጠ መረጃ ክሊኒኩን ያነጋግሩ። እናመሰግናለን።» ከጎኑ ነጥቧ አለች። ግራጫ ናት።



እዚህ ላይ ስለ አባቴ ልናገር። አባቴ የእናቱን ሞት የተረዳው እዚያው ገዳሪፍ ነው፤ እኔ ልጅ ነበርኩ። ወሬውን ከጎንደር የመጣ ነጋዴ ነበር ያመጣው። ያመጣው ግን ለአባቴ አልነበረም፤ ለጎረቤት ነው። ጎረቤቶቻችን ሦስት ቀን ሙሉ ያውቁ ነበር። በሦስቱም ቀን ከአባቴ ጋር ቁጭ ብለው ካርታ ተጫውተዋል፣ ስቀዋል። በመጨረሻው ምሽት አንዷ ጎረቤት ምግብ ይዛ መጥታ እየጎረሰች አጎረሰችው፤ ጠግቦ ተኛ። ጎህ ሲቀድ ግቢያችን በሰው ተሞልቶ ነቃን። ሽማግሌው አፋቸውን ከመክፈታቸው በፊት ሁለት ወንዶች ከግራና ከቀኝ አባቴን ተጠግተው ቆመው ነበር። ሲወድቅ እጃቸው ላይ ወደቀ። መርዶ እንዲህ ነው የሚነገረው፦ ቀድሞ የሚይዝ እጅ ይዘጋጃል፣ ቃሉ ኋላ ይመጣል። ይህን በዓይኔ ያየሁ ሰው ነኝ እንግዲህ ሞትን ከ«ወጣ» ሥር በዝርዝር ያስቀመጥኩት።

«መመለስ አይቻልም?» አለች ነርሷ።

አይቻልም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ። መልእክቱ ከእኛ ወጥቷል፤ የሷ ስልክ እስኪከፈት እየጠበቀ ነው። ደወልኩላት፣ ዝግ ነው። የባለሱቁን ቁጥር አላውቅም። ስልኩ ዝግ ከሆነ ሐጂ ዘንድ ሻሐን፣ ቻርጅ ላይ ነው ማለት ነው፤ ሞልቶ የተከፈተ ጊዜ መልእክቱ ይገባል፣ ሐጂም እንደ ልማዳቸው ገበያ መሐል ጮክ ብለው ያነቡላታል። «ነጥቧን ጠብቂልኝ» አልኳት ነርሷን። «አረንጓዴ ከሆነች ደውይልኝ።» ወጣሁ።

ከአውቶቡሱ ቀድሜ ለመድረስ የምችል ይመስል መቀመጫዬ ላይ ወደፊት ጎንበስ ብዬ ነው የተጓዝኩት። አጠገቤ የተቀመጡ ሴትዮ «ልጄ፣ ሆድህን ነው የሚያምህ?» አሉኝ። አዎ አልኳቸው። ዶካ ስንደርስ ለነርሷ ደወልኩ።

«ግራጫ ናት» አለችኝ።

የዚያን ቀን ግራጫ ከሚባል ቀለም የበለጠ የምወደው አልነበረም።

ከዶካ ወዲያ ጭነት መኪና ላይ ወጣሁ። ዝናብ ያለ ወቅቱ ጥሎ ጥቁሩ መሬት ጨቅይቷል፤ ያንን ጭቃ የሚያውቅ ያውቀዋል፣ ጎማ ከያዘ አይለቅም። መንገዱ ሳይጋመስ ተያዝን። ሹፌሩ ወርዶ ጎማውን አየ፣ ሲጋራ ለኮሰ፣ ማንም አላስቸኮለውም። እኔ ብቻ ጭቃው ውስጥ ገብቼ በእጄ እዝቃለሁ። «ኡስታዝ፣ ሙሽራ ትጠብቅሃለች?» ብለው ሳቁብኝ። ልመታቸው ፈለግሁ። የተናደድኩት ግን በራሴ ነበር። ከሁሉ ያናደደኝ «እናመሰግናለን» የሚለው ቃል ነው። እሱን የጻፍኩት ለትሕትና ብዬ ነበር፤ መልእክት በደረቁ አይለቅ ብዬ።

መኪናው ሲላቀቅ ቀትር አልፏል። አንድ ከፍታ ላይ ስንወጣ ስልኬ ኔትወርክ አገኘና ወዲያው ጮኸ። ነርሷ ናት።

«አረንጓዴ ሆነች» አለችኝ። ታለቅስ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለውን መንገድ አላስታውሰውም።

ገበያው ዳር ከመኪናው ዘለልኩና መሮጥ ጀመርኩ። ጩኸት እየጠበቅሁ ነበር፤ የሴቶች ኡኡታ፣ የተሰበሰበ ሰው። ምንም የለም። ገበያው እንደ ወትሮው ነው። የሻይ ሻጯ ዳስ ጋ ስደርስ እሷ ለትራክተር ሹፌሮች እየቀዳች ትስቃለች። ቆምኩ። አልሰማችም! እግዚአብሔር ይመስገን፣ ቀደምኩ፣ ደረስኩ አልኩ በልቤ። ደስታዬ እንዴት እንደነበር ዛሬም ያሳፍረኛል።

ፊት ለፊት ካለው ሱቅ በር ላይ ነጭ ጀለብያ የለበሱ ሽማግሌ ወጡና እጃቸውን ዝቅ አድርገው ወደ እኔ አወዛወዙ። ሰላም የሚሉኝ መስሎኝ እኔም እጄን አንስቼ መለስኩላቸው። እሳቸው ደግመው አወዛወዙ፣ አሁን በሁለት እጅ። እኔ ወደ ዳሱ ገባሁ።

ስታየኝ መጀመሪያ ፊቷ በራ። «የስልኩ ልጅ አይደለህም?» አለች።

«ነኝ፣ እትዬ።»

እስከ ጉልበቴ የያዘኝን ጭቃ አየች። ከኋላዬ ሰው ካለ ብላ አየች፤ የለም። ከዚያ ዓይኔን አየች። ምን ልበል ብዬ ቀኑን ሙሉ መንገድ ላይ ስለማመድ ነበር የዋልኩት፤ ዓይኔን ጭቃ ወደያዘው ጫማዬ አወረድኩ።

«ሰው አንልክም ብለኸኝ አልነበር?» አለች በዝግታ።

ማንቆርቆሪያውን እንደያዘች አንድ እርምጃ ቀረበችኝ።

«ስልኩ ይናገራል ብለኸኝ አልነበር? ታዲያ አንተ ምን አመጣህ?»

ማንቆርቆሪያውን አስቀመጠችው። ጥግ ፈልጋ ነው ያስቀመጠችው፣ እንዳይደፋ። ከዚያ መሬት ላይ ወደቀች። ከግራዋም ከቀኟም ሰው አልነበረም። እኔ ነበርኩ አጠገቧ፤ ግን እጄን መዘርጋት አላሰብኩም።

ሴቶች እየሮጡ መጡ፤ ሁሉም የመጡት ከፊት ለፊቱ ከሐጂ ግቢ ነበር፣ ብዙ ሆነው፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው። ያኔ ነው የገባኝ።

ሐጂ ወደ ሱቃቸው አስገብተው ውሃ ሰጡኝ። እጄን ጭቃ ስለሸፈነው ጣሳውን እሳቸው ያዙልኝ።

«ወላሂ ልጄ፣ ቀትር ላይ ስልኳን ስከፍት መጣ» አሉኝ። «አነበብኩት። መልሼ አጠፋሁት። መጥታ ስትጠይቀኝ ባትሪው ታሟል፣ ነገ ውሰጂው አልኳት። ገዳሪፍ ወዳለ ዘመዴ ደወልኩ፤ የቤተ ክርስቲያኑ ሰዎች ሊቀብሩት ወስደውታል፣ አትደርስም አሉኝ። ካልደረሰች ምን ያስቸኩላል? ቄሱን አስጠራሁ። የእኔዋ ሴትዮ ንፍሮውን ጥዳለች። ዛሬ ሻይዋን ሸጣ፣ እራቷን በልታ እንድትተኛ፣ ጎህ ሲቀድ ልናረዳት ነበር። አንድ ቀን ብቻ ነበር የሚያስፈልገኝ።»

«እጅዎን ሲያወዛውዙልኝ…»

«ተመለስ ማለቴ ነበር።»

የእኔን ስህተት እኚህ ሰው ያለ ፕሮግራም፣ ያለ ነጥብ፣ አንድ ስልክ በማጥፋት ብቻ አርመውት ነበር። እኔ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ሮጬ ያረሙትን አፈረስኩት። ስልኩ ያላረዳትን እኔ በእግሬ ሄጄ አረዳኋት። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል፤ ያ ግን የሚለቀም ነገር አልነበረም።

ገዳሪፍ ስመለስ «ሞተ» ከሚለው ቃል ላይ መልእክቱን ቆረጥኩት። አሁን ሲነካ ምንም አይልክም፤ ይልቅ ይጠይቃል። ከቤተሰቡ ጎረቤት ማን አለ? ሽማግሌ ማን ነው? በማን ስልክ ይደወል? ማን ያርዳ? ሁሉም ካልተሞላ ፋይሉ አይዘጋም። ነርሷ መጀመሪያ ያየችው ቀን «ስንት ጊዜ ነው የምነካው?» አለችኝ። ብዙ ጊዜ አልኳት። አልተከራከረችም።

ለአርባው ባሱንዳ ሄድኩ። መሄዱ ከብዶኝ ነበር፤ መቅረቱ ግን ባሰ። ሰዉ በልቶ ሲበታተን ጠራችኝና አጠገቧ አስቀመጠችኝ። ከቀሚሷ ኪስ ስልኳን አውጥታ እጄ ላይ አኖረችው።

«መልእክቱ እዚህ ውስጥ አለ» አለች። «ሐጂን አንብቡልኝ ስላቸው ዓይኔ አላይ አለ ይሉኛል። እኔን ሲያዩ ብቻ ነው ዓይናቸው የሚታመመው። አንተ ነህ አሉ የጻፍከው። አንብብልኝ።»

«እትዬ፣ ይቅርብዎ…»

«እንዳለ አንብብልኝ። ስኳር አትጨምርበት።»

ከፈትኩት። ዓረብኛውን ወደ አማርኛ እየመለስኩ አነበብኩላት። «የታካሚዎ ሁኔታ፦ ሞተ። ለበለጠ መረጃ ክሊኒኩን ያነጋግሩ።» እዚያ ላይ ላቆም ፈልጌ ነበር። ትጠብቃለች። «እናመሰግናለን።»

«እናመሰግናለን ይላል?»

«ይላል።»

«ማንን?»

ይቅርታ ያድርጉልኝ አልኳት።

«አጥፋው» አለችኝ።

ማጥፊያውን ነካሁ። ስልኩ ግን አላጠፋም። በዚያች በተሰነጠቀች ትንሽ መስታወት ላይ አንድ ጥያቄ አወጣ፤ እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ስሰርዘው የኖርኩት ጥያቄ። ጣቴ እንደተዘረጋ ቀረ።

«ምን ይላል ደግሞ?» አለች።

«እርግጠኛ ነህ ወይ ይላል።»

ስልኩን ተመለከተችው።

«ይኼስ ይጠይቃል» አለች። ከዚያ ከእጄ ወሰደችውና፣ «የቱ ጋ ነው የሚነካው?» ብላ ጠየቀችኝ። ቦታውን አሳየኋት።